አልጌ በል ዓሦች በቤት ውስጥ አኳሪየም፦ የአንድ ጥያቄ ዳሰሳ

መነሻ

በቤት ውስጥ አኳሪየም፣ ማለትም በመስታወት ገንዳ፣ ጨዋማ ባልሆነ ውኃ የሚኖሩ ዓሦችን የሚያኖር ሰው ውሎ አድሮ አልጌ ሳይገጥመው አይቀርም። አልጌ (በትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚባለው) እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል ሳይኖረው በብርሃን ኃይል የራሱን ምግብ የሚያዘጋጅ ሕይወት ያለው ነገር ሲሆን፣ በመስታወቱ፣ በድንጋዩና በተክሎቹ ቅጠል ላይ እንደ ስስ ሽፋን፣ እንደ ክር፣ እንደ ጢም ወይም እንደ ጠንካራ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ችግር በዓሣ መሸጫ ሱቆችም ሆነ በመመሪያ መጻሕፍት ከሚሰጡት ምክሮች እጅግ የተለመደው አልጌ የሚበላ ዓሣ መጨመር ነው፤ ምክሩ ቀላል ከመሆኑም በላይ ገንዳው ራሱን በራሱ ያጸዳል የሚል ደስ የሚያሰኝ ተስፋ ስላዘለ ብዙ ሰው ሳይመረምር ይቀበለዋል።

ይህ ዳሰሳ ምክሩ ከየት እንደመጣ፣ አልጌ ለምን እንደሚበቅል፣ የትኛው ዓሣ የትኛውን አልጌ በምን ዓይነት አፍና አንጀት እንደሚበላ፣ እንዲሁም ዓሣው በገንዳው ውስጥ ጤናማ ሆኖ ለመኖር ምን እንደሚያስፈልገው በየተራ ይመለከታል። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ አልጌ በል ዓሣ ሥራውን በሚገባ በሠራ ቁጥር የሚኖርበትን ምግብ የሚጨርስ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ሊመለስ የሚገባው ዋና ጥያቄ አልጌው ሲያልቅ በምን ይኖራል የሚለው ነው።

የሐሳቡ አመጣጥ

ዓሣን፣ ተክልንና አልጌ የሚበላ እንስሳን በአንድ ገንዳ አቻችሎ የማኖር ሐሳብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጽሑፍ ቀርቧል። የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ለኬሚካል ማኅበሩ ባቀረቡት ጥናት፣ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የተባለውን የውኃ ውስጥ ተክል በአንድ የመስታወት ዕቃ አኑረው፣ ተክሉ በብርሃን አስተፃምሮ የሚያወጣው ኦክስጅን ዓሦቹን፣ ዓሦቹ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ተክሉን እንደሚያኖር ገለጹ። ይሁን እንጂ የሚበሰብሱት ቅጠሎችና የሚያድገው አረንጓዴ ልጋጋም ሽፋን ውኃውን ያበላሹባቸው ስለነበር፣ ሚዛኑ ሊጠበቅ የቻለው የኩሬ ቀንድ አውጣዎችን ከጨመሩ በኋላ ነው። በዚህ ሙከራ አልጌ በሉ እንስሳ ዓሣ አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ቀንድ አውጣዎቹ የሞተውን ቅጠል ጭምር ስለሚበሉ ኑሯቸው በአልጌው ላይ ብቻ ያልተመሠረተ መሆኑም ሊስተዋል ይገባል፤ ከእነሱ በኋላ በገንዳ የገቡት ብዙ አልጌ በሎች ይህን ዕድል አላገኙም።

የተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተሙት መጽሐፍ አማካይነት አኳሪየም የሚለው ስምና ልማዱ በብሪታንያ ቤቶች ተስፋፋ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከሞቃታማው የዓለም ክፍል በብዛት የሚመጡ ዓሦች ንግድ ሲደራ፣ መስታወት ላይ በአፋቸው የሚጣበቁት የደቡብ አሜሪካ ዓሦች የገንዳ አጽጂዎች ተብለው መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺና የውኃ ውስጥ አትክልት ነዳፊ ታካሺ አማኖ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሽሪምፕ ክር መሳይ አልጌን ለመቆጣጠር በመጠቀም በተክል የተሞላ ገንዳን አዲስ መልክ ሰጡት። ስለዚህ በዚህ ርእስ የሚነሱት እንስሳት ዓሦች ብቻ አይደሉም፤ ከቀንድ አውጣና ከሽሪምፕ ጋር ሳይነጻጸር የሚመረጥ ዓሣ በሙሉ መረጃ ላይ የተመሠረተ ምርጫ ሊባል አይችልም።

አልጌው ራሱ

በአኳሪየም ባለቤቶች ዘንድ አልጌ የሚለው ስም የሚሸፍናቸው ነገሮች በሥነ ሕይወት አመዳደብ እጅግ የተራራቁ ናቸው። አዲስ በተዘጋጀ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው፣ በጣት ሲነካ በቀላሉ የሚለቀው ቡናማ ሽፋን ዲያቶም የሚባለው፣ የሕዋሱ ግድግዳ ከሲሊካ የተሠራ ደቂቅ አልጌ ነው። ለስላሳው አረንጓዴ ሽፋንና ረጃጅሞቹ አረንጓዴ ክሮች ከአረንጓዴ አልጌ የሚመደቡ ሲሆን፣ በመስታወትና በዝግታ በሚያድጉ ተክሎች ቅጠል ላይ ተጣብቆ በምላጭ ካልተፋቀ የማይለቀው ነጠብጣብም ከዚሁ ክፍል ነው። በቅጠል ጠርዝና በማጣሪያው አፍ ላይ እንደ ጥቁር ጢም የሚበቅለው ግን ቀይ አልጌ ነው፤ አልኮል ውስጥ ሲነከር አረንጓዴው ቀለም ወጥቶ ቀዩ ይገለጣል። አሸዋውን እንደ ምንጣፍ የሚያለብሰው፣ መጥፎ ሽታ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ሽፋን ከአልጌ የማይመደብ ሳይኖባክቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ሲሆን፣ ውኃውን ራሱን አረንጓዴ የሚያደርጉት ተንሳፋፊ ደቂቅ አልጌዎች ደግሞ ከድንጋይና ከመስታወት ላይ የሚግጥ ዓሣ ሊደርስባቸው የማይችል ናቸው።

የእነዚህ ሁሉ እድገት የሚወሰነው በብርሃን መጠንና ርዝመት፣ በውኃው ውስጥ በሚሟሙት የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ውህዶች፣ እንዲሁም ከአልጌው ጋር በሚሻሙት ተክሎች ጥንካሬ ነው። ወደ ገንዳው የሚገባው ምግብ ተበላም ሳይበላ በሰበሰ፣ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውን በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱም የተክልና የአልጌ ምግብ ሆኖ ያገለግላል። አልጌ የሚበላ ዓሣ ከዚህ ዑደት ውጪ የቆመ አይደለም። ከበላው አልጌ ከፊሉ የሰውነቱ አካል ሲሆን፣ ቀሪው በዓይነ ምድሩና በስንጥቡ በኩል በሚያስወጣው አሞኒያ አማካይነት ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ይህም ማለት ዓሣው አልጌውን ከዓይን ያርቃል እንጂ አልጌውን ያበቀለውን ነገር ከገንዳው አያወጣም። ከገንዳው የሚያወጡት ውኃ መለወጥ፣ ያደጉ ተክሎችን ቆርጦ መጣል፣ የተጠራቀመ ዝቃጭን በቱቦ መሳብና አልጌውን በእጅ ፍቆ ማስወገድ ብቻ ናቸው።

የአልጌ መንስኤ ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው። ፖል ሲርስና ኬቨን ኮንሊን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሰራጩት ጽሑፍ፣ በተክል ገንዳ ፎስፌት እጥረት እንዲኖር ከተደረገ ተክሎች አልጌን ሊያሸንፉ እንደሚችሉ አመለከቱ፤ ቶም ባር ደግሞ ተክሎች በቂ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ምግብ ካገኙ ፎስፌት መጨመሩ ብቻውን አልጌ እንደማያመጣ በመግለጽ ከዚህ ተቃራኒ አቋም ያዙ። የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ዛሬም በየገንዳው የሚፈተን ቢሆንም፣ ጤነኛ ተክል የአልጌ ዋና ተቀናቃኝ ነው በሚለው ላይ ግን ይገናኛሉ፤ በሁለቱም አካሄድ የአልጌ በል ዓሣ ሚና ረዳትነት ነው።

አፍ፣ አንጀትና ግጦሽ

በተፈጥሮ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ድንጋይና እንጨት የሚለብሱት ሽፋን ንጹሕ አልጌ አይደለም። ጄፍሪ ፍራየርና ቲ. ዲ. አይልስ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዓሦች ባሳተሙት ጥናት ኦፍቩክስ በሚለው የጀርመንኛ ቃል የጠሩት ይህ ሽፋን አልጌን፣ ባክቴሪያን፣ ደቂቅ እንስሳትንና የነፍሳት እጮችን አንድ ላይ ይዟል። በመሆኑም አልጌ በል ተብሎ የሚሸጠው ዓሣ በትውልድ ቦታው የሚበላው ቅይጥ ምግብ ሲሆን፣ በገንዳ መስታወት ላይ የሚያገኘው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ብቻውን ያንን ሊተካለት አይችልም።

ዓሦቹ ይህን ሽፋን የሚያነሡባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ሎሪካሪዴ በሚባለው፣ ከ900 በላይ ዝርያዎች ባሉት የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ የዓሣ ቤተሰብ ውስጥ አፉ ከጭንቅላቱ በታች እንደ ሳህን ተዘርግቶ በድንጋይ ላይ ይጣበቃል፤ በውስጡ የተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች ደግሞ ሽፋኑን ይፍቃሉ። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ሰውነት በቅርፊት ፋንታ በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ ስለሆነ ጥሩር የለበሰ አምባዛ ሊባሉ ይችላሉ። ከካርፕ ቤተሰብ የሆነው ጋራ የተባለው የዓሣ ወገን በታችኛው ከንፈሩ ሥር ባለ ክብ መጣበቂያ ኃይለኛ ጅረትን ሲቋቋም፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያው ጂሪኖኬይሉስ ደግሞ ከስንጥቡ በላይ ተጨማሪ የውኃ መግቢያ ቀዳዳ ስላለው አፉን ከድንጋዩ ሳያነሣ መተንፈስ ይችላል። የአንጀታቸው ርዝመት ከሥጋ በል ዓሦች አንጀት እጅግ የሚበልጠው የተክል ሕዋስን ለመፍጨት ጊዜ ስለሚያስፈልግ ነው።

ኢትዮጵያውያን በሚገባ የሚያውቁት ቆሮሶ ለዚህ የተለየ ምሳሌ ይሆናል። ዲ. ጄ. ደብሊው. ሞሪያርቲ እ.ኤ.አ. በ1973 በኡጋንዳ የጆርጅ ሐይቅ ቆሮሶዎች ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ የዓሣው ጨጓራ አሲድነት እስከ ፒ ኤች 1.4 እንደሚደርስና በዚህም የሳይኖባክቴሪያን ሕዋስ ሊሰብር እንደሚችል አሳይቷል። ይህ ግን ቆሮሶን ለቤት ገንዳ አልጌ መቆጣጠሪያ አያደርገውም፤ ዓሣው ለማዕድ እስኪበቃ የሚያድግ፣ ተክል የሚነቅልና ሌሎችን የሚያሳድድ ነውና።

በገንዳ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ለመረዳት ከሁሉ የሚጠቅመው የሜሪ ፓወር የፓናማ ጥናት ነው። ተመራማሪዋ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሥራ፣ በሪዮ ፍሪሆሌስ ወንዝ ፀሐይ በሚያገኙትና በዛፍ ጥላ ሥር ባሉት የውኃ ማቆሮች መካከል አልጌ የሚያድግበት ፍጥነት በብዙ እጥፍ ቢለያይም፣ ጥሩር ለባሾቹ ዓሦች ግጦሹ በበረከተበት በብዛት፣ በሳሳበት በጥቂቱ ስለሚሰፍሩ በድንጋዮቹ ላይ የሚገኘው የአልጌ መጠን የተቀራረበ፣ የዓሦቹም እድገት ተመሳሳይ ሆኖ መገኘቱን አመለከቱ። በአጭሩ፣ በተፈጥሮ ውስጥ ሚዛኑ የሚጠበቀው ዓሣው ግጦሽ ሲያልቅበት ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ስለሚችል ነው፤ ገንዳው ግን ዙሪያው የታጠረ መስክ በመሆኑ ከብቱን የሚያዛውረው ወይም መኖ የሚያቀርብለት ባለቤቱ ብቻ ነው።

ዓሦቹ በየወገናቸው

በቤት ገንዳ ከሚገኙት አልጌ በል ዓሦች መካከል በመጠኑ ትንሹና ለተክል የማያሰጋው ኦቶሲንክሉስ ነው። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚያድገው ይህ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ዲያቶምንና ለስላሳ አረንጓዴ ሽፋንን በትጋት የሚበላ፣ ቅጠልን የማይጎዳ፣ በመንጋ የሚኖርና ከማንም ጋር የማይጣላ ነው። ሆኖም በገበያ የሚገኘው በአብዛኛው ከዱር የተያዘ በመሆኑ፣ በጉዞና በመጋዘን ቆይታው ተርቦ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሱቅ ይደርሳል፤ ብዙዎቹም ከተገዙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ይሞታሉ። ስለዚህ ሆዱ ሞላ ያለውን መርጦ መግዛት፣ ቢያንስ ስድስት ያህሉን በአንድነት ማኖር፣ እንዲሁም አዲስ ወደተሠራና ገና ሽፋን ወዳልያዘ ገንዳ አለማስገባት ለዚህ ዓሣ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

እንደ ኦቶሲንክሉስ ሁሉ ከሎሪካሪዴ ቤተሰብ የሆነው አንሲስትሩስ ለብዙ ቤቶች ይበልጥ ተስማሚ ነው። እስከ 12 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ፣ የወንዱ ፊት ሥጋማ ቀንበጥ በሚመስሉ ነገሮች የተሸፈነ፣ በዋሻ ውስጥ እንቁላሉን ወንዱ የሚጠብቅና በገንዳ ውስጥ በቀላሉ የሚራባ በመሆኑ፣ ከዱር መያዝ ሳያስፈልግ ለገበያ ይቀርባል። አንሲስትሩስም ሆነ ዘመዶቹ በሚኖሩበት ገንዳ እንጨት እንዲኖር ይመከራል፤ እንጨት ይበላሉ ስለሚባሉት የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ዶኖቫን ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ግን፣ ዓሦቹ እንጨቱን ፍቀው ቢውጡትም ከእንጨቱ ክር ኃይል እንደማያገኙና ምግባቸው በእንጨቱ ላይና ውስጥ የሚገኘው ብስባሽና ደቂቅ ሕይወት መሆኑን አመልክቷል። እንጨቱ የሚጠቅመው የግጦሽ ገጽ በመሆኑ ነው፤ ምግብን አይተካም።

ፕሌኮ በሚለው የገበያ ስም የሚሸጠው ፕቴሪጎፕሊክቲስ ከሁሉ በላይ ስሕተት የሚፈጸምበት ዓሣ ነው። ስሙ የመጣው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከመዘገቡት፣ ዛሬ ሂፖስቶመስ ፕሌኮስቶመስ ከሚባለው ዘመዱ ሲሆን፣ በሱቅ ሲታይ ጣት የሚያህለው ይህ ዓሣ 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያድጋል፤ ሲያድግ ለአልጌ ያለው ፍላጎት እየቀነሰ፣ የሚያወጣው ቆሻሻ ግን እየበዛ ስለሚሄድ፣ ለጽዳት የገባው ዓሣ የገንዳው ዋና የቆሻሻ ምንጭ ይሆናል። ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሥጋ በሎችም እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከብራዚሉ የሺንጉ ወንዝ የሚገኘው፣ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሂፓንሲስትሩስ ዜብራ የአፉ ቅርጽ ተመሳሳይ ቢሆንም አልጌ አያጸዳም።

ከእስያ ዓሦች መካከል ጥቁር ጢም የሚመስለውን ቀይ አልጌ በመብላት የሚታወቀው የሲያም አልጌ በል የሚባለው ክሮሶኬይሉስ ነው። ከእርሱ ጋር የሚምታቱ ሁለት ወይም ሦስት ዓሦች በአንድ ስም ስለሚሸጡ ገዢው ምልክቱን ማወቅ አለበት፦ በእውነተኛው ዓሣ ላይ ከአፍንጫው የሚነሣው ጥቁር መስመር ጠርዙ ያልተስተካከለ ሆኖ እስከ ጅራቱ ክንፍ ጫፍ ይዘልቃል፣ ሌሎቹ ክንፎቹም ቀለም አልባ ናቸው፤ ኤፓልዜዎሪንኮስ ካሎፕቴሩስ በተባለው ዓሣ ላይ ግን ከጥቁሩ መስመር በላይ ወርቃማ መስመር ይታያል፣ ክንፎቹም ቀለም አላቸው። ክሮሶኬይሉስ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ፈጣን ዋናተኛ በመሆኑ ሰፊ ገንዳ ይፈልጋል፤ የተዘጋጀ ምግብ ከለመደ ደግሞ አልጌውን ሊተወው ይችላል።

የቻይና አልጌ በል ተብሎ የሚሸጠው ጂሪኖኬይሉስ አይሞኒዬሪ ትውልዱ ታይላንድ፣ ላኦስ፣ ካምቦዲያና ቬትናም ሲሆን፣ በልጅነቱ አልጌ በትጋት ቢበላም ሲጎለምስ ክልሉን የሚከላከል ይሆናል፤ ሰፊ ጎን ባላቸው ዓሦች ላይ ተጣብቆም የቆዳቸውን ልጋግ ይመጥጣል። በተፈጥሮ እስከ 28 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ በመሆኑም ለተለመደ የቤት ገንዳ የሚመከር አይደለም። ከተራራ ጅረት የሚመጡት፣ ሴዌሊያን የመሰሉ ጠፍጣፋ ዓሦች ግን መጠናቸው ትንሽ፣ ጠባያቸው የዋህ ሆኖ፣ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስ ቀዝቀዝ ያለና ኦክስጅን የበዛበት ውኃ ይፈልጋሉ። ክር መሳይ አልጌ ላስቸገረው ሰው ሞሊ የተባሉት ልጅ ወላጅ ዓሦችና የፍሎሪዳው ጆርዳኔላ ሌላ አማራጭ ናቸው። የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቆች ላቤኦትሮፌየስና ትሮፌየስ የተባሉት ድንጋይ ጋጮች ደግሞ እጅግ ያማሩ ቢሆኑም በራሳቸው ልዩ ገንዳ የሚያዙ ናቸው፤ በሥጋ ነክ ምግብ ሲቀለቡ ብዙ ጊዜ የሆድ መነፋት በሽታ ይታይባቸዋል።

የትኛውም ዓሣ የማይፈታቸው ሁኔታዎች እንዳሉም መመዝገብ ይገባል። ጠንካራውን አረንጓዴ ነጠብጣብ ምላጭና ኔሪት የሚባለው ቀንድ አውጣ እንጂ ዓሣ እምብዛም አይደፍረውም፤ ሳይኖባክቴሪያን አብዛኞቹ የገንዳ ዓሦች ይተውታል፤ አረንጓዴ የሆነ ውኃ ደግሞ የሚጠራው ገንዳውን ለጥቂት ቀናት ከብርሃን በመከለል ወይም በአልትራ ቫዮሌት መብራት ነው።

የኢትዮጵያ ወንዞች ጋጮች

በዓለም የአኳሪየም ገበያ የማይታወቁ ቢሆኑም፣ የኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች ከላይ የተነሣው የጋራ ወገን ከሚበረክትባቸው የአፍሪካ ስፍራዎች አንዱ ናቸው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በሰጡት ሳይንሳዊ መግለጫ ጋራ ደምቢኤንሲስ የተባለውን ዓሣ በጣና ዙሪያ ባለችው በደምቢያ ስም አስመዘገቡ፤ ሜላኒ ስቲያስኒና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ገልጸዋል፤ ከእነዚህም አንዱ በጣና ሐይቅ ስም የተሰየመው ጋራ ታና ነው። ከባሮ ተፋሰስ በሆነው በሶር ወንዝ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በአንድ ወንዝ ውስጥ ብቻ የአፋቸው ቅርጽና አመጋገባቸው የተለያየ በርካታ የጋራ ዓይነቶች፣ ከአልጌ ፋቂ እስከ ዓሣ አዳኝ ድረስ፣ መኖራቸውን አሳይቷል። ይህ ግኝት ለአኳሪየም ባለቤት የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፦ የአንድ ወገን አባል መሆን የአንድ ዓይነት ምግብ ተመጋቢ መሆንን አያረጋግጥም፤ እነዚህን ዓሦች ከወንዝ ይዞ በገንዳ ለማኖር መሞከርም የትኛው ዝርያ እንደሆነና ምን ያህል ጠባብ በሆነ ስፍራ እንደሚኖር ሳይታወቅ ሊደረግ አይገባም።

የኑሮ ሁኔታ፦ ምግብ፣ ሙቀትና ኦክስጅን

አልጌ በል ዓሣ በገንዳው ውስጥ ካለው አልጌ በተጨማሪ በመደበኛነት መመገብ አለበት። በሙቅ ውኃ ለጥቂት ጊዜ የለሰለሰ ዝኩኒ፣ ኪያር፣ ቆስጣ ወይም አተር ማታ መብራት ሲጠፋ ገብቶ ጠዋት የተረፈው ከወጣ፣ ለአንሲስትሩስና ለመሰሎቹ ጥሩ ምግብ ይሆናል፤ ተረፈ ምግቡ ሳይወጣ ከቆየ ግን አልጌን ለመቀነስ የገባው ዓሣ ምክንያት ሆኖ አልጌ ይጨምራል። ለዚሁ ተብሎ በሚዘጋጀው ደረቅ ምግብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስፒሩሊና፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ በተፈጥሮ የሚበቅለው ሳይኖባክቴሪያ ነው። ለኦቶሲንክሉስ ደግሞ ጠጠሮችን በሌላ ዕቃ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ አልጌ ካለበሱ በኋላ በየተራ ወደ ገንዳው ማስገባት፣ ቀላልና ለተፈጥሮ አመጋገቡ የቀረበ ዘዴ ነው። ዓሣው መጥገቡ የሚታወቀው ከሆዱ ነው፤ ከታች ሲታይ ሞላ ያለ ሆድ ጤንነትን፣ የገባ ሆድ ረኃብን ያመለክታል።

ኦክስጅን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ሲሆን፣ ከፍታ ላይ ባሉ ከተሞች ግን ሊዘነጋ አይገባም። በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ያለ ውኃ በባሕር ጠለል ከፍታ በአንድ ሊትር እስከ 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ የሚይዘው የዚህን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውኃው በሞቀ ቁጥር መጠኑ ይበልጥ ይወርዳል። በዚህ የተነሣ ከፈጣን ጅረት የሚመጡ ዓሦች በአዲስ አበባ የአየር ፓምፕና የውኃ ገጽን የሚያናውጥ ማጣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ቀድመው የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። አንሲስትሩስና ፕቴሪጎፕሊክቲስ ግን ከውኃው ገጽ አየር ጎርሰው በጨጓራቸው ኦክስጅን ስለሚወስዱ እንዲህ ያለውን ችግር በተሻለ ይቋቋማሉ። በሌላ በኩል የደጋ ከተማ ቤት ቅዝቃዜ ማሞቂያ ለሚፈልጉት የአማዞን ዓሦች ወጪ ሲጨምር፣ ቀዝቃዛ ውኃ ለሚወዱት የተራራ ጅረት ዓሦች ግን ይመቻል። እንግዲህ ለዝቅተኛና ሞቃታማ ከተማ የተጻፈ የምርጫ ዝርዝር ለደጋ ከተማ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም።

ከገንዳው የወጣ ዓሣ

ዳሰሳው ከቤት ወጥቶ ወደ ወንዝና ሐይቅ የሚያደርሰው ጉዳይ ያላግባብ የተለቀቀ ዓሣ ነው። ፕቴሪጎፕሊክቲስ ለገንዳው ሲበልጥ ባለቤቶቹ በአቅራቢያቸው ባለ ውኃ መልቀቃቸው በፍሎሪዳ፣ በቴክሳስ፣ በሜክሲኮና በበርካታ የእስያ አገሮች ወራሪ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ወንዶቹ ለመራቢያ የሚቆፍሯቸው ጉድጓዶች የወንዝ ዳርን ይሸረሽራሉ፣ እሾሃማው ሰውነታቸው የዓሣ አጥማጆችን መረብ ይቀዳድዳል፤ በሜክሲኮው ኢንፊየርኒዮ የግድብ ሐይቅ ደግሞ የቆሮሶ አስጋሪዎችን ኑሮ አናግቷል። ኢትዮጵያ ይህን ዓይነቱን ጉዳት ከሌላ የአማዞን እንግዳ ታውቀዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭም ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በዓለም የተሰራጨው በአበባው ውበት በጌጥነት ተፈልጎ ነው። የጋራ ታና ብቸኛ መኖሪያ በሆነ ሐይቅ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጋጭ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ከባለቤቱ ርኅራኄ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። ለገንዳው የበለጠ ዓሣ ለሌላ አርቢ ወይም ለሸጠው ሱቅ ይሰጣል እንጂ በየትኛውም የተፈጥሮ ውኃ አይለቀቅም።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሁሉ አልጌ በል ዓሣ ከንቱ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ አያደርስም፤ ኦቶሲንክሉስ ዲያቶምን፣ ክሮሶኬይሉስ ጥቁር ጢሙን፣ አንሲስትሩስ ለስላሳውን አረንጓዴ ሽፋን በእርግጥ ይቀንሳሉ። የሚለወጠው የውሳኔው ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ አልጌው በዓይነቱ ይለያል፤ ቀጥሎ መብራቱ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይወሰናል፣ የምግቡ መጠን ይቀነሳል፣ ውኃው በየሳምንቱ በከፊል ይለወጣል፣ በፍጥነት የሚያድጉ ተክሎች ይጨመራሉ፤ እጅና መፋቂያም ሥራቸውን ይሠራሉ። ዓሣ የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ የሚመረጠውም በሙሉ እድገቱ መጠን፣ በሚፈልገው ሙቀትና ኦክስጅን፣ ከሌሎቹ ጋር ባለው ጠባይና ባለቤቱ በየቀኑ ሊያቀርብለት በሚችለው ምግብ ተመዝኖ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ሲጠበቅ ገንዳው ዓሣው ከመግባቱ በፊት በአብዛኛው የጠራ ይሆናል፤ የዓሣውም ድርሻ በቀረው ስስ ሽፋን ላይ መዋል ነው። በተቃራኒው፣ ገንዳው በአልጌ ተውጦ ሳለ እንደ መፍትሔ የተገዛ ዓሣ ወይ ከአልጌው እድገት ጋር መወዳደር አቅቶት ይቀራል፣ ወይ አሸንፎ ለረኃብ ይጋለጣል። አልጌ በል ዓሣን ሊገዛ የሚገባው እንግዲህ በገንዳው አንድም አልጌ ባይኖር እንኳ ያንኑ ዓሣ ለማኖርና ለመቀለብ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ነው።